አስር ከአስር ያገኘው ካርቶን

ዛሬ ሱቅ ገብታችሁ የልጅ መጫወቻ ብትጠይቁ፣ በሳጥን የታሸገ ሳይንስ ያወጡላችኋል። ማግኔቱ፣ ሌንሱ፣ አምፖሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ተኝቷል። ክዳኑ ላይ የሚስቅ ልጅ ሥዕል አለ፤ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆንም ተጽፏል። ልጁ በዚያ ነገር ምን ሊያይበት እንደሚችል የጻፈ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ይህን የምለው ቀምሼው ነው፤ ታገሱኝ።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምር ነበር። የትምህርት መሣሪያ ይሰጠን ብዬ ያልጻፍኩበት ቢሮ የለም፤ መልስ የሰጠኝ ግን አንድም አልነበረም። ስለዚህ ከሰኞ ገበያ ፀጉር አስተካካዮች የመስታወት ስባሪ ለምነን፣ በሳሙና ካርቶን ፔሪስኮፕ ሠራን። አንድ መስታወት ከላይ፣ አንድ ከታች፣ ሁለቱም ጋደም ብለው፤ በቃ፣ አጥር ሥር ቁጭ ብላችሁ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ታያላችሁ። ልጆቹ በደስታ አበዱ! ዴስክ ሥር ተደብቀው እኔኑ ሲያዩኝ ዋሉ። ከሁሉም የበለጠው የዘሃራ ነበርና በቀይ እስክሪብቶ «አስር ከአስር» ብዬ ፈረምኩበት።

የዘሃራን አባት፣ ልብስ ሰፊውን ሰይድን፣ ቀበሌ ካሰረው ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። ስንቁ በየቀኑ ይገባል፤ ሳህኑ ባዶውን ይወጣል። ማን እንደበላው ግን በምን ይታወቃል? ጥበቃዎቹም ሆድ አላቸው። እናትዬዋ አባትየው በሕይወት መኖሩን መጠራጠር ጀምራለች።

አንድ ጠዋት ከክፍል ጠርተው ቀበሌ ወሰዱኝ። የሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ ያ ካርቶን ተቀምጧል፤ ዘሃራ ጥግ ይዛ ቆማለች። እስር ቤቱ አጥር ሥር ነው የያዟት።

«ይህን የስለላ መሣሪያ ማን ሰጠሽ?» አላት ሊቀመንበሩ።

አንዴ አየችኝና አቀረቀረች። ልትሸፍነኝ ነው፣ የኔ እናት! እኔስ? አልዋሻችሁም፣ «አላውቀውም» የምትለዋን ቃል ምላሴ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። ሰውዬው ካርቶኑን ገለበጠው።

«አስር ከአስር። ፊርማው ያንተ አይደለም እንዴ፣ ጓድ መምህር?»

«መጫወቻ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ የሳይንስ» አልኩ። ድምፄ የኔ አይመስልም ነበር።

አላመነኝም። ሽጉጡን እንደታጠቀ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከና ካርቶኑን ወደ ላይ ብቅ አድርጎ ያየኝ ጀመር። ከተማው ሁሉ የሚፈራው ሰው ልክ እንደ ተማሪዎቼ! ሳቄ መጣ። ብስቅ ግን እዚያው መቅረቴ ነውና ከንፈሬን ነከስኩ። ቆየ። አሁንም ቆየ።

«ይሠራል» አለ ከሥር። ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ወደ ዘሃራ ዞረ። «ምን አየሽበት?»

«አባዬን። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል። የጥበቃውን ሸሚዝ ነው፣ ወላሂ።»

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ እጁ ሳያስበው ወደ ሸሚዙ ቁልፍ ሄደ። ሊቀመንበሩ ጥበቃውን አየ፤ እኔንም አየ። ካርቶኑን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበትና «ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» ብሎ አባረረን። ዘሃራ እስከ ቤቷ በሩጫ ነበር የሄደችው።

በሳምንቱ የእስር ቤቱ አጥር ላይ ሌላ ቆርቆሮ ተደረበበት። እነሆ፣ ስለ ማስተማሬ ከመንግሥት ያገኘሁት የመጀመሪያው መልስ!

ከክፍል ስወጣ ዘሃራ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ቲቸር፣ አጥሩ ከፍ ብሏል። ስንት መስታወት ልጨምር?»

ግራ ቀኝ አየሁ።

«መስታወቱ ያው ሁለት ነው» አልኳት። «ካርቶኑ ብቻ ይረዝማል።»

ሠርታ አመጣችው። ውጤቷን በቃል ነገርኳት።