የክቡር ጄኔራሉ ታንኮች ከላይ ሲታዩ

ዝግጅት የማያልቅለት ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። እንዲህ ያለው ሰው ቤቱን ሊቀባ ካሰበ ስድስት ወር ቀለም ይመርጣል፤ ግድግዳው በዚያው ያረጃል። ደብዳቤ ልጽፍ ነው ብሎ ቁጭ ካለ እስክሪብቶ ሲሞክር ይውላል። ሻንጣውን ሲያስተካክል አውቶቡሱ ጥሎት ይሄዳል፤ እሱ ግን ቅር አይለውም፣ «ለሚቀጥለው በደንብ እዘጋጃለሁ» ይላል። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባትም ከአንድ ጣሪያ ሥር ትኖሩ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ እግዜር ያጽናችሁ።

ለልብስ ሰፊው የደረሰው ግን ከሁሉም የባሰው ነበር።

ክቡር ጄኔራል ይሏቸዋል። ጦር ሜዳ አልዋሉም፣ የወታደር ልብስም ለብሰው አያውቁም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የውሃ ቧንቧና የፍሳሽ ቦይ ንድፍ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ማዕረጉን የሰጣቸው ራሱ ልብስ ሰፊው ነው፣ የጦርነት ጨዋታ ሊያስተምሩት የመጡ ቀን። ጨዋታው ከባድ አይደለም። ትልቅ ካርታ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ በላዩ የታንክና የመኪና ምስል ይደረደራል፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው ተራ በተራ እያንቀሳቀሱ ይዋጋሉ፤ አንድ ዳኛ ደግሞ ደንቡን ይጠብቃል። ልብስ ሰፊው የጨርቅ መቁረጫ ሰፊ ጠረጴዛ አለው። የሚስቱ ወንድም፣ የሆስፒታል ነርስ የሆነው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የለውም። ዳኛው ጄኔራሉ ሊሆኑ፣ ሁለቱ ሊዋጉ ተስማሙ። ካርታውን ጄኔራሉ በእጃቸው ስለው አመጡ፤ ወንዙ፣ ድልድዩ፣ ኮረብታው ሁሉ ልቅም ያለ ነው። ምስሎቹ ብቻ ነበሩ የጎደሉት።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረችኝ» አሉ ጄኔራሉ።

ይህን ካሉ አሥራ አንድ ወር ሆናቸው።

ልብስ ሰፊው ጨዋታውን የፈለገው ለታንክ ፍቅር ኖሮት አይደለም። ከሚስቱ ወንድም ጋር ዘጠኝ ዓመት ተዛምደው ሲኖሩ ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ኖሯቸው አያውቅም። ሁለቱም ዝምተኞች ናቸው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ከቀሩ አንዱ መስኮቱን፣ ሌላው ጫማውን ያያል። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ግን፣ ገና አንድ ታንክ ሳይንቀሳቀስ፣ ነርሱ መሳቅ ጀመረ። ስለ ሆስፒታሉ፣ መርፌ አይቶ ስለሚሮጠው ግዙፍ ሰውዬ ማውራት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ባምሳ ዓመቱ ወንድም አገኘ። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ እሑድ እሑድ ግን ጠረጴዛውን ከጨርቅ ብናኝ ሁለት ጊዜ ይጠርገው ነበር።

ጄኔራሉ በመጀመሪያ ምስሎቹን ከኢንተርኔት ፈለጉ። «ታንክን ከጎኑ ማንም ይስለዋል» አሉ። «ካርታ ማለት ግን ከሰማይ የሚታይ ነገር ነው። ካርታው ከላይ እየታየ ታንኩ በጎኑ ከተኛ፣ ያ ታንክ ተገልብጧል ማለት ነው።» ይህ አሳማኝ ነበር። ከላይ የታዩ ታንኮች፣ ብረት ለበሶች፣ ጭነት መኪናዎች አንድ ጥቅል ሙሉ አትመው መጡ። ደረደሯቸው፤ ወንበር ላይ ቆመው ቁልቁል አዩ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ምን ሆኑ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«የታንኩ ጥላ ወደ ግራ ወድቋል፤ የመኪናው ወደ ቀኝ። በአንድ ካርታ ላይ ሁለት ፀሐይ ወጥታለች።»

ጥቅሉ በሙሉ ተወገደ። ከዚያ ወዲያ ራሳቸው ሊስሉ ቆረጡ፤ ያላዩትን ግን አይስሉም። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሆነው፣ ደብተር ይዘው ቁልቁል ሲያፈጡ ጥበቃው ደረሰባቸው።

«አባት፣ ምን እያዩ ነው?»

«የመኪና ጣሪያ።»

«የትኛው ነው መኪናዎ?»

«መኪና የለኝም።»

«ታዲያ ጣሪያው ምን ያደርግልዎታል?»

ማስረዳት ጀመሩ፤ ነገሩን ያባሰው ማስረዳታቸው ነው። ታንክ የሚለውን ቃል ባያነሱ ይሻል ነበር። ነርሱ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ሄዶ፣ ደህና ሰው መሆናቸውን መስክሮ አመጣቸው። እሳቸው ምንም አልመሰላቸው። «የጭነት መኪና ጣሪያ መሃሉ ጎድጎድ እንደሚል ታውቁ ነበር?» አሉ፣ ዓይናቸው እየበራ። ማንም አያውቅም ነበር።

ስለው ሲጨርሱ መቁረጡ ለልብስ ሰፊው ደረሰ። ስድሳ አራት ምስል፣ ካርቶን ላይ የተለጠፈ፣ እያንዳንዱ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ። በሁለት እሑድ በትንሿ መቀስ ጨረሰው፤ የአንዱንም ታንክ አፈሙዝ አልጎመደም። ጄኔራሉ ደረደሩ፤ ወንበር ላይ ወጡ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልብስ ሰፊው ይህን አሁን አሁን ለይቶ ያውቀዋል፤ መቀሱን መልሶ አነሣ።

«ጭነት መኪናው ከታንኩ በለጠ» አሉ።

«በምን ያህል?»

«በአንድ ሚሊሜትር።» ከዚያም እዚያው ወንበር ላይ እንደቆሙ፣ ለማጽናናት ይመስላል፣ «ከላይ ሲታይ ደግሞ፣ ወዳጄ፣ ጸጉርህ መሃል ለመሃል ሳስቷል» አሉት።

አንድ ጊዜ ነርሱ፣ ደከመው መሰለኝ፣ አንድ ሐሳብ አቀረበ። «ጋሼ፣ ለምን አራት ማዕዘን ቆርጠን ላዩ ላይ ታንክ ብለን አንጽፍበትም?»

«ልጄ» አሉ ጄኔራሉ በሐዘን፣ «አንተ ስታክም፣ 'በሽተኛ' ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን አልጋ ላይ ያስተኙልሃል?»

ሦስት ሳምንት አኮረፉ። ልብስ ሰፊው በመሃል ሽማግሌ ሆኖ አስታረቀ።

በአሥረኛው ወር መጨረሻ ግን ነርሱ ደብዳቤ ይዞ መጣ። ሌላ ከተማ ተዛውሯል፤ የአንድ ቀን ሙሉ የአውቶቡስ መንገድ ነው። አራት እሑድ ቀርቶታል። ልብስ ሰፊው ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበና አጣጥፎ መለሰለት። ይህ ልጅ ከሄደ ሁለቱ መልሰው ወደ ሰላምታቸው እንደሚገቡ ያውቃል፤ በዓመት አንዴ ይደዋወሉና «እህቴ ደህና ናት?»፣ «ደህና ናት»፣ በቃ።

«ክቡር ጄኔራል» አለ፣ «አንዲት ጨዋታ ብቻ። ሳይሄድ።»

«ይደርሳል» አሉ ጄኔራሉ። «አንድ ነገር ብቻ ቀረችኝ።»

አንደኛው እሑድ በታንክ ሰንሰለት አለቀ። ሁለተኛው በአረንጓዴው ቀለም። ሦስተኛው እሑድ ምስሉን የሚያባዛላቸው ማተሚያ ቤት ቀለም ጨርሶ ጠብ የሚል ነገር ሳይኖር መሸ። በአራተኛው፣ በመጨረሻው፣ ነርሱ ሻንጣውን አስሮ ሲመጣ ጄኔራሉ ካርታውን ዘርግተው ነበር፤ ከሱ ሌላ የያዙት ደብተራቸውን ብቻ ነው።

«የመድፉ ጎማ…» ብለው ጀመሩ።

ልብስ ሰፊው አላስጨረሳቸውም። ትዕግሥቱ አልቆ ነበር። መደርደሪያው ላይ ወዳለው የአዝራር ቆርቆሮ ሄደ፤ ያነሣና ካርታው ላይ ይደፋዋል! አዝራር በየአቅጣጫው ተንከባለለ፤ የሸሚዝ፣ የካፖርት፣ የሱሪ፣ ሠላሳ ዓመት የተጠራቀመ።

«ነጩ የኔ ነው» አለ። «ጥቁሩና ቡናማው ያንተ። ትልልቁ ታንክ፣ ትንንሹ መኪና። መድፍ ደግሞ ይኸው፣ የዚፕ መጎተቻ። በል ጀምር።»

ጄኔራሉ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው። «ባለ አራት ቀዳዳ ታንክ?» አሉ ቀስ ብለው።

ነርሱ አንድ ቡናማ የካፖርት አዝራር በጣቱ እየገፋ ወደ ድልድዩ ወሰደ። ልብስ ሰፊው ሁለት ነጫጭ አመጣበት። ጄኔራሉ ትንሽ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩ፤ በኋላ ግን አላስቻላቸውም፣ «በጫካ ውስጥ በዚያ ፍጥነት አይኬድም!» ብለው ጮኹ፤ ዳኝነቱም በዚያው ተጀመረ። እንዴት ያለ ጨዋታ ነበር! ነርሱ ተንኮለኛ ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊው ኮረብታውን ሦስት ጊዜ ያዘ፣ ሦስት ጊዜ አስረከበ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሚስቱ «ምን ነክቷቸው ነው?» ብላ ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አየቻቸው።

ማሸነፍም መሸነፍም ሳይለይ ሊመሽ ሆነ። ነርሱ ገና የሚሰናበታቸው ሰዎች አሉት፤ አውቶቡሱ ሲነጋ ነው። ጠረጴዛው ደግሞ በማግሥቱ ለሥራ ይፈለጋል። ተቃቅፈው ተሰነባበቱ። ነርሱ ከደጅ ዞሮ ልብስ ሰፊውን፣ «ልረታህ ነበር እኮ» አለው። ከዚያ የእግሩ ኮቴ ራቀ።

ልብስ ሰፊው ወደ ጄኔራሉ ዞረ። አንቱታው ጠፋው። «አሥራ አንድ ወር!» አለ። «አንተ ሰውዬ፣ አሥራ አንድ ወር ሙሉ ስንጫወት በከረምን ነበር። ይኸው ሄደ። ይኸው ሳይጨርሰው ሄደ!»

ጄኔራሉ ካርታው ላይ ጎንበስ ብለው፣ በማስመሪያ እየለኩ፣ በደብተራቸው ሲጽፉ ቆዩ። ከዚያ ካርታውን ጠቅልለው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ከዚያ በኋላ በነበረውም። ልብስ ሰፊው «ተገላገልኩ» አለ ለሚስቱ። ጠረጴዛውን ጠርጎ፣ ሻይ አፍልቶ፣ ብቻውን ጠጣ። አነጋገሩ ጸጸተው። ሰውዬው አታካች ናቸው፣ አድካሚ ናቸው፣ ደረቅ ናቸው፤ ግን ናፈቁት፤ በቃ፣ ናፈቁት። ነርሱ በበኩሉ ደህና ገባሁ ብሎ ደውሎ ነበር። እንደ ፈራውም ሆነ፤ «እህቴ ደህና ናት?» አለ፤ «ደህና ናት» አለ ልብስ ሰፊው፤ ስልኩም ተዘጋ።

በሦስተኛው እሑድ ጄኔራሉ ያለ አንዳች ሰላምታ ገቡ፤ ካርታውን ዘረጉ፤ ከኮታቸው ኪስ አንድ ፖስታ አወጡ። ከፖስታው ውስጥ አንድ በአንድ እያነሡ ደረደሩ።

ልብስ ሰፊው ጎንበስ አለ። አዝራሮች ነበሩ። ካርቶን ላይ የተሳሉ፣ ተቆርጠው የተለጠፉ፣ ከላይ የታዩ አዝራሮች። ባለ ሁለት ቀዳዳው፣ ባለ አራት ቀዳዳው፣ ጠርዙ ከፍ ያለው የካፖርቱ። የዚፑ መጎተቻም አልቀረም። እያንዳንዱ ያን እሑድ ማታ በነበረበት ቦታ ተቀመጠ፤ ሦስቱ ነጫጭ ከኮረብታው ሥር፣ ሰባቱ ቡናማ ከድልድዩ ወዲህ።

«ሁለት አድርጌ ነው የሠራሁት» አሉ ጄኔራሉ ቀና ሳይሉ። «ሌላኛው ከካርታ ጋር ረቡዕ ተልኮለታል። በስልክ ይቻላል። ካርታው በቁጥር ተከፋፍሏል።»

«አዝራሩን ራሱን ብንልክለት ኖሮስ?»

«የት ታገኘዋለህ?»

ልብስ ሰፊው ወደ ቆርቆሮው አየ። እውነት ነው። በነዚህ ሳምንታት ግማሹን ሠራዊት በየሰዉ ልብስ ላይ ሰፍቶታል። የነርሱ ዋና ታንክ ይሄኔ በአንድ ወፍራም ሰውዬ ሆድ ላይ ተወጥሮ መንገድ ለመንገድ ይሄዳል። ከጦርነቱ የተረፈው እዚህ ካርቶን ላይ ያለው ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት አዝራር ሲሰፋ የኖረ ሰው ነውና እያንዳንዱን ለየው። አንደኛዋ ቡናማ ጠርዟ ላይ ሸረፍ ያለች ነበረች፤ ጄኔራሉ ሽርፋቱን ሳይቀር ስለው ቆርጠውታል። ወንበር ስቦ ሰጣቸው።

ጄኔራሉ ስልኩን ካርታው አጠገብ አድርገው፣ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። ነርሱ ስልኩን ሲያነሣ ከጀርባው የወረቀት ኮሽታ ይሰማል።

«ጋሼ፣ ፖስታው ደርሶኛል። ደርድሬያለሁ። አበዳችሁ እንዴ?» አለና ሳቀ፤ ያ የጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ነበር። «አንዷ ግን መንገድ ላይ ተበላሽታለች መሰለኝ፤ ጠርዟ ተቀዶ ነው የመጣችው። ዙሪያዋን ቆርጬ ላስተካክላት?»

ጄኔራሉ ደነገጡ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ልብስ ሰፊው ስልኩን ወደ ራሱ ሳበ።

«እንዳትነካት!» አለ። «አልተበላሸችም፤ እንዲያ ናት። አጥንተው ነው የሠሯት። በል ተራህ ነው፣ ተጫወት።»