መጋረጃ ጎታቹ ሣር ይዞ ወጣ

በቴአትራችን ላይ የሽማግሌውን ቦታ ሰጥተውኝ መልሰው ቀሙኝ። ጥፋቴ በጣቴ እየተከተልኩ ማንበቤ ነው።

በደሉ ይኼው ነው። ዛሬ የሠራሁትን ስትሰሙ ግን ሳትወዱ ለእነሱ ታዝናላችሁ!

ለማታውቁኝ፣ ዳና እባላለሁ፣ ግንበኛ ነኝ፣ ሃምሳን አልፌያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካቻምና በጎልማሶች ትምህርት ነው። ይኼን ፖስት የጻፍኩት ራሴ ነኝ። ፊደል ብስት በኮመንት አታርሙኝ፤ አላነበውም!

ከሰፈራችን ከሲቀላ ወደ ጫኖ መውጫ ላይ አሮጌ የጥጥ መጋዘንና የከብት በረት ነበረ። የሌሊት ወፍ ብቻ ነበር የሚኖርበት። እሱን ነው በነጻ ጉልበት ቴአትር ቤት ያደረግነው። በረቱ መድረክ ሆነ፣ መጋዘኑ የተመልካች ቦታ። የመሀሉን ግድግዳ ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ወለሉን ሊሾ ያደረግኩትም እኔ።

ያኔ አንብብ ያለኝ የለም!

ከዚያ ልምምድ መጣ። ዳይሬክተራችን መምህርት ሰላም ናት፣ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። ስክሪፕት አደለችን። ተራዬ ሲደርስ ጣቴን አስቀምጬ "ል... ጆ... ቼ..." ማለት ጀመርኩ።

አንዱ ሳቀ።

"ጋሽ ዳና፣ በዚህ አያያዝ እኮ ለመስቀል ነው የምንጨርሰው" አለችኝ። ቦታዬን ለምንተስኖት ሰጠችው። የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ እንደ ሬዲዮ ያነባል። ለእኔ መጋረጃ መጎተት ደረሰኝ።

መጋረጃ!

ትቼ አልሄድኩም። የሠራሁትን ቤት ለማን ትቼ? ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ እያንዳንዷን ቃል በጆሮዬ ያዝኳት። ሳያነቡ መያዝን ሃምሳ ዓመት ተለማምጄዋለሁ።

ዛሬ ከሰዓት የመጀመሪያው ትርኢት ነበር። ቤቱ ጢም ብሏል። ከደጋ የወረዱ ሽማግሌዎች ፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ባለቤቴም አለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ።

አንድ ነገር ያዙልኝ፤ የመጋረጃው መዘውር ተሰብሯል። ስለዚህ ገመዱን ወገቤ ላይ አስራለሁ። ወደ ኋላ ስሄድ ይዘጋል።

ቴአትሩ በመሬት ስለተጣሉ ወንድማማቾች ነው። ሽማግሌው እርጥብ ሣር ይዞ መሀላቸው ይንበረከካል። በእኛ በጋሞ እርጥብ ሣር ከተያዘ ጠብ ይቆማል፤ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ምንተስኖት ተንበረከከ። እጁ ላይ ምን ይዟል?

ደረቅ ሣር! ለጭቃ ማቡኪያ ካመጣነው የተረፈ!

በደረቅ ሣር ማን ይታረቃል፣ ወገኖቼ? ፊተኛው አግዳሚ ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ሽማግሌ "ይሄ የአህያ ነው" ሲሉ ሰማኋቸው።

አልቻልኩም። በጓሮ በር ሮጬ ወጥቼ ከቤቱ ኋላ ካለው ቦይ ዳር እርጥቡን ነጨሁ።

ገመዱን ረስቼ!

መጋረጃው ተዋንያኑ ላይ ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። በጎን በር ስገባ መጋረጃው ከኋላዬ፣ ሕዝቡ ከፊቴ። ሲሚንቶ የበላው ቱታ ለብሼ፣ ገመድ እየጎተትኩ፣ ፈትቶ ያመለጠ በሬ መስዬ!

ምን ላድርግ? ተንበረከክሁ።

አባባ ጉጃ የሚባሉ ሽማግሌ ብድግ አሉ። ቴአትር አይተው አያውቁም።

"ልጄ፣ ሣሩን አይተናል። ማነው የበደለህ?"

ቃሉን ሁሉ አውቀዋለሁ ብያችሁ ነበር አይደል? አንዲትም አልመጣችልኝ። የመጣልኝ እውነቱ ነው።

"ቦታዬን ቀሙኝ! ማንበብ አትችልም ብለው!"

ባለቤቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ስልኮች ለቪዲዮ ተነሱ።

"አንተስ ምን አጠፋህ?" አሉኝ አባባ ጉጃ።

"ምንም።"

"ሣር ይዘህ?!"

ሣር ይዞ መዋሸት አይቻልማ! ተናዘዝኩ። "በልምምድ ጊዜ ምንተስኖት አፉን ሲከፍት ሦስቴ መጋረጃ ዘግቼበታለሁ። ገመዱ ላላ ያልኩት ውሸት ነው።"

ከመጋረጃው ኋላ "ድሮም አውቄ ነበር!" የሚል ድምፅ መጣ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

ሰላም በመጋረጃው ሥር ሾልካ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። "እኔም አጥፍቻለሁ" አለች። "ጋሽ ዳና እንዲያነቡልኝ ጠየቅኩ እንጂ ቃሉን ያውቁት እንደሆነ አልጠየቅኩም።"

አባባ ጉጃ ምንተስኖትንም ከመጋረጃው ኋላ አስወጥተው ሦስታችንንም ሣሩን አስያዙን። ፈረዱም፤ ሽማግሌውን እኔ ልሁን፣ ምንተስኖት መጋረጃ ይጎትት፣ ቴአትሩ ከዚያው ይቀጥል።

ቀጠለ። ቃሌን አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። የወንድማማቾቹንም ቃል ጭምር ተናገርኩላቸው! ቆመው አዩኝ እንጂ ምን ይበሉ?

አሁን ቪዲዮው ሲቀላን እየዞረ ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ በአንድ ከሰዓት ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ተዋናይም የሆነ ሰው ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?

ሲያልቅ አባባ ጉጃ "ነገሩ ተመልሶ እንዳይነሳ ቀኑን ግድግዳው ላይ ጻፉት" አሉ። ሁሉም ወደ መምህርቷ ዞረ። እሷ ከቦርሳዋ ጠመኔ አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝ። ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ። ማንም አልተነሳም፣ ማንም አልሳቀም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8።