የዳማ ግሳት

ሰው ከብት ስንት አለህ ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? እስቲ እናንተው ፍረዱ። ደህና አደርክ ይባላል። ከብቱ ሰላም ነው ወይ ይባላል። ስንት ነው ግን አይባልም። በኛ በአርሲ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ወይ ግብር ሰብሳቢ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ልጅህን ለልጁ ሊጠይቅ ያሰበ ሰው ነው። ለሦስቱም እውነቱ አይነገራቸውም። ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ብሎ ዝም ይላል። እኛ ጴንጤዎቹም ጌታ ይመስገን ብለን ዝም እንላለን። በዚህ በዚህ ሃይማኖት ለያይቶን አያውቅም።

እኔ ታደሰ ዕድሜዬን ኢተያ ከተማ እህል መጋዘን ስጠብቅ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ጥንቃቄዬ ግን አልቆመም። በር ከቆለፍኩ በኋላ ሦስት ጊዜ ተመልሼ እነካዋለሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ አንተ ብትሞትም የመቃብርህ ክዳን መግጠሙን ተነስተህ ታያለህ ትለኛለች። ትበል። ጥንቁቅ ሰው ይሰደባል እንጂ አይሰረቅም።

አሁን የምኖረው አሰላ ዳር፣ ከተማው አልቆ የገብሱ ማሳ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። በግቢዬ አንዲት ላም አለች። ዳማ ትባላለች። ግንባሯ ላይ ነጭ ኮከብ አላት። አያችሁ፣ አንዲት አልኳችሁ። ቆጠርኩላችሁ። ዕድሜዬ ገፍቶ ነው መሰለኝ አፌን መጠበቅ እያቃተኝ ነው።

ለነገሩ ዳማ የኔ አይደለችም። ደባሬ ናት። ደባሬ እዚህ አገር የታወቀ ነው፤ ብዙ ከብት ያለው ሰው ለሌለው አንዲት ላም ያውሰዋል። ጠባቂው ያበላል፣ ያጠጣል፣ ወተቱን ይጠጣል። ላሟና ጥጃዋ የባለቤቱ ናቸው። ውል የለም፣ ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም። እንደኔ ላለ ጭንቀታም ሰው አስቡት!

ያዋሱኝ ሐጂ ከድር ናቸው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ነው። ልጃቸው ከማል መሀል አሰላ ይኖራል፤ ባጃጅ ሊገዛ ሲያስብ ዓይኑ ዳማ ላይ አረፈ። ዳማ ደግሞ ሟች ሚስታቸው በእጃቸው ያሳደጓት ናት። ሐጂ እንኳን ሊሸጧት ሰው ሲጮኽባት አይወዱም። ታዲያ ለምን እምቢ አይሉትም? ትሉ ይሆናል። የልጅ አባት ብትሆኑ አትጠይቁም ነበር። ልጅን እምቢ ከማለት ላም መደበቅ ይቀላል። እናም ለከማል ሮቤ አክስትህ ጋ ልኬያታለሁ አሉትና ለኔ ሰጡኝ። አስካለ ጨጓራዋ ከታመመ ወዲህ የሚስማማት የዳማ ወተት ብቻ ነው። ስለዚህ እኔም አፌን ዘጋሁ። ከማል አባቱን ሊጠይቅ አርብ አርብ ይመጣል። አርብ አርብ ዳማ ከግቢ አትወጣም። ግዞተኛ ናት።

በዚህ ዓይነት ተደብቀን በሰላም ስንኖር ሥልጠና መጣ።

ቀበሌያችን አንድ ሽማግሌ፣ አንዲት ሴት፣ አንድ ወጣትና አንድ ገበሬ እንዲልክ ተጠየቀ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ። ገበሬው ገብስ እያጨደ ስለነበር አልመጣም። እንግዲህ ገበሬ ሥራ ላይ ከሆነ ሥልጠና እንዴት ይመጣል? ስለዚህ በሱም ቦታ እኔን ጻፉኝ። አዳራሹ ውስጥ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ቆጠራ የአቅም ግንባታ ይላል። ቦርሳ፣ እስክሪብቶና የታሸገ ውሃ ሰጡን። ጥግ ላይ ካለው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አቅማችን መገንባቱን የሚመሰክር ሰርተፍኬት ተከምሯል። ሥልጠናው ገና አልተጀመረም። እኔ በልቤ፣ እነዚህ ሰዎች ከኔም ይጠነቀቃሉ አልኩ።

አሰልጣኟ ሰላማዊት የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ልጅ ናት። ጨዋ ናት፤ ስትናገር ሰው ዓይን ዓይን ታያለች። ላም ስታመሰኳ ታገሳለች አለች። ግሳቱ ጋዝ ነው። ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን እንደ ጋቢ ይሸፍናታል፤ ምድርም ይሞቃታል።

«ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ ከኋላዬ አንድ ሰው። «አሰላ ብርድ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እሷ አልተቆጣችም። ዝናቡ ለምን እንደተዛባባችሁ፣ ዋግ ስንዴያችሁን ለምን እንደሚመታ አስቡት አለች። እውነቷን ነው፤ ክረምቱ እንደ ድሮው አይደለም።

ከዚያ አገር ሁሉ የለቀቀውን ጋዝ ቆጥሮ ለዓለም ያስታውቃል አለችን። ሀብታሞቹ የፋብሪካቸውንና የመኪናቸውን ጭስ ይጽፋሉ። እኛ የላማችንን ግሳት። ሠርግ ቤት ሥጋውን የበላው እያለ፣ አጥንት የጋጠውን ስምህ ማነው ብሎ መመዝገብ ማለት ይሄ አይደል? ግን አልተናገርኩም። ውሃቸውን ጠጥቻለሁ።

ይበልጥ ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያለችው ነው። እስካሁን የኛ ላም ስንት እንደምታገሳ የለካ ሰው የለም አለች። ሪፖርቱ የሚጻፈው የሌላ አገር ላም ግሳት ከመጽሐፍ እየተወሰደ ነው። ግሳትም በውሰት! እኔ ዳማን ደብቄ ስጨነቅ ለካ ደባሬ ከኔ አልፎ መንግሥት ዘንድ ደርሷል።

በማግስቱ በቡድን ተከፍለን የየወረዳችንን ከብት ብዛት ጻፉ ተባልን። አጠገቤ አንድ የወረዳ ሠራተኛ ነበር። ከቦርሳው ሁለት ደብተር አወጣ። አንዱ ብዙ፣ አንዱ ጥቂት ይላል። ሰላማዊት የቱ ነው ትክክለኛው ብላ ጠየቀችው። እሱም በትሕትና፣ መኖ እርዳታ ሲመጣ ይሄኛው፣ መዋጮ ሲመጣ ያኛው ነው አላት። እና የተጠየቅሽው ለየትኛው ነው? አላት ደግሞ። እኔ እሷን ሳይሆን እሱን ነው ያደነቅኩት። በሁለቱም ደብተር ላይ አንድም ሥርዝ ድልዝ የለም።

በሦስተኛው ቀን የመስክ ልምምድ ሆነ። የናሙና ቤቶች በእጣ ወጡ። የመጀመሪያው እጣ ማን ላይ ወደቀ? እኔ ላይ። ሁለተኛውስ? ሐጂ ከድር ላይ። ቀኑስ? አርብ! ጥንቁቅን ሰው እግዚአብሔር በእጣ ይፈትነዋል መሰለኝ።

ሰላማዊት ታብሌቷን ይዛ ግቢዬ ገባች። ዳማን በሜትር የደረቷን ዙሪያ ለካቻት፣ ፎቶ አነሳቻት፣ የምትበላውን ጻፈች። ቀጥሎ ቀና አለችና፣

«አባባ፣ ላሟ የማን ናት?» አለችኝ።

ውሸት መናገር አልፈለግሁም። እውነት ከተናገርኩ ደግሞ የአስካለ ወተት ቀረ።

«የእግዚአብሔር» አልኩ።

«እሱስ ልክ ነው፤ ግን ለእግዚአብሔር ኮድ አልተሰጠውም» አለች። «አንድ ካሉኝ የራስዎ፣ ሁለት ካሉኝ የሌላ ሰው።»

«ሁለት» አልኩ። «ስሙን ግን ተዪው።»

«ስሙን ካላወቅሁት ባለቤቱ ጋ ስሄድ ደግሜ እቆጥራታለኋ!»

«እንግዲያው ጭራሽ አትቁጠሪያት።»

«እሱም ስህተት ነው አባባ። አገር አንድ ላም ይጎድልበታል።»

ሁለቴ ቢቆጥሯት ኃጢአት፣ ቢተዉአት ኃጢአት። አስካለ በመስኮት እያየችኝ ነበር። ኮድ ሁለት ብላ ጻፈችና ወጣን። ወደ ሐጂ ቤት የምመራት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከማል አባቱ አጠገብ ቁጭ ብሏል። ሐጂ እኔን ሲያዩ ዓይናቸው ጠበበ።

«ሐጂ፣ ስንት ከብት አለዎት?» አለች ሰላማዊት።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩሽ እኮ!»

ከማል ሳቀና እሱ ነገራት። «አንዷ ግን እዚህ የለችም፣ ሮቤ ናት» ብሎ ጨመረ። ሰላማዊት፣ ሮቤ ያለችው እዚያው ትቆጠራለች አለች። እኔ ተነፈስኩ። ምን ዋጋ አለው! ከማል ታብሌቷን ወደደ። እስቲ የሌላውን ሰው ከብት አሳይኝ አላት። እሷም በየዋህነት ስሜ የተጻፈበትን የዳማን ፎቶ ገለጠችለት።

ከማል ፎቶውን በጣቶቹ አሰፋው። ነጩ ኮከብ ታብሌቱን ሞላ።

«አባ! ይቺ ዳማ አይደለችም እንዴ? ሮቤ ጋሼ ታደሰ ግቢ ውስጥ ነው ያለው?»

እኔ ዓይኔን ወደ በሩ አዞርኩ። ሐጂ ግን ጺማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ሮቤ ሄዳ ነበር። የአሰላ ብርድ ናፈቃት፣ ተመለሰች» አሉ።

«ነገ እወስዳታለሁ!» አለ ከማል ብድግ ብሎ። «ገዢ አለኝ!»

«ያ ታደሰ፣» አሉኝ ሐጂ ቀስ ብለው፣ «ልጅቷን ይዘህ ከመምጣትህ በፊት እግርህ አይሰበርም ነበር?»

ሰላማዊት የቤተሰቡ ነገር አልገባትም። እሷን የጨነቃት ናሙናዋ ነው። እጇን አነሳችና፣ ይቅርታ፣ ይህቺ ላም መወሰድ የለባትም አለች። ለአንድ ዓመት እዚያው ግቢ፣ ያንኑ መኖ እየበላች፣ በየሦስት ወሩ መለካት አለባት።

«ላሟ የኛ ናት!» አለ ከማል።

«ላሟ የናንተ ናት፤ ግሳቷ ግን የአገር ነው» አለችው።

ከማል ባጃጅ ስለ መንዳት ብዙ አስቧል፤ ይህን ግን አላሰበም። ልጅቷ ማህተም ያለበት ቅጽ አወጣች። «በእርግጥ ግዴታ አይደለም» ብላ ጀመረች። «ባለቤቱ ፈቃደኛ ካልሆኑ...»

«ፈቃደኛ ነኝ!» አሉ ሐጂ። ከተቀመጡበት ሲነሱ ጉልበታቸው እንኳ አልተንቋቋም። «የት ነው የሚፈረመው?»

ፈረሙ። እንዳይበቃ ብለው ሰጉ መሰለኝ አውራ ጣታቸውንም ጨመሩበት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው ፊታቸውን አሳዘኑ። «እኔማ ብትወስዳት ደስ ይለኝ ነበር፣ ያ ከማል። መንግሥት እንደሁ አልፈቀደም» አሉት። አይ ሐጂ! ስንት ጊዜ ያቃታቸውን እምቢታ ዓለም በአንድ ወረቀት ላከችላቸው።

ሰላማዊት ከሦስት ወር በኋላ መጣች። ለካች፣ ጻፈች፣ ሄደች። በስድስተኛው ወር ጠበቅኳት፤ አልመጣችም። ኋላ በስልክ ደወለች። ድምጿ አዝኗል። ፕሮጀክቱ አልቋል አባባ አለችኝ። ቀጣዩ ምዕራፍ እስኪጸድቅ ነው እንጂ አንቀርም አለችኝ። የናንተ አቅም ግን ተገንብቷል ተብሎ ሪፖርት ተደርጓል አለችኝ። ከልቧ እንዳዘነች አወቅሁ። ያን ሁሉ ለፍታ ወደ ውሰቱ ግሳት ልትመለስ ነው። እኔም አዘንኩላት። ካዘንኩላት በኋላ ግን አንድ ነገር ለመንኳት። ማብቃቱን ለከማል እንዳትነግሪው አልኳት።

ሜትሩን ትታልኝ ሄዳለች። ስለዚህ በየሦስት ወሩ እኔው እለካለሁ። ሐጂ ቀንዷን ይይዛሉ፣ እኔ ደረቷን እዞራለሁ፣ አስካለ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ቀኑን አርብ አድርገነዋል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ ነው የምናገረው፤ ከማል ከወንዙ ማዶ እንዲሰማ። ሁለት ጊዜም እለካለሁ፣ እንዳልሳሳት። በዚህ አገር የላም ግሳት ጉዳይ በትክክል የሚከታተል ቢሮ ቢኖር የኔ በረት ነው። ደብተሩን ግን የሚጠይቀኝ የለም። እኔም ለማን እንደምልከው አላውቅም።

ባለፈው አርብ ከማል ራሱ መጣ። አጥሩን ተደግፎ ሲያየን ቆየ።

«ጋሼ ታደሰ፣ ዓመቱ እኮ አለፈ። ይሄ ነገር መቼ ነው የሚያበቃው?»

ሐጂ ቀንዱን እንደያዙ አቀረቀሩ። መልሱ የኔ ሆነ። ውሸት እንዳልናገር አሰብኩ፣ አሰብኩ።

«ምድር ስትበርድ» አልኩት።

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ሥልጠና የወሰደ ሰው ምን ይከራከሩታል?

ይኸውላችሁ፣ አሁን አዲስ ጭንቀት ይዞኛል። በጸሎት ቤታችን እሑድ እሑድ ስለ አየሩ ጠባይ ይጸለያል። ጌታ ሆይ፣ የምድራችንን ሙቀት አብርድልን ይላል መጋቢው። ጉባኤው አሜን እያለ ጣራውን ያነቃንቀዋል። እኔም አሜን እላለሁ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው እንጂ።