ጎርፍ ሲመጣ ማን ይቅደም?

የአየር ትንበያ የሚያነቡ ሰዎችን እወዳቸዋለሁ። ስህተት ላይ ተይዘው አያውቁም። «በአንዳንድ ስፍራዎች ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ይጠበቃል» ይላሉ። ባይዘንብባችሁ እናንተ ከአንዳንዶቹ አይደላችሁም ማለት ነው፤ ቢዘንብባችሁ ደግሞ አስቀድሞ ተነግሯችኋል። መምህር ነኝና እንዲህ የመናገር ጥበብ ቢኖረኝ ኖሮ ከስንቱ የተማሪ ጥያቄ አመልጥ ነበር። «ሰሜን ወሎ» ሲሉም በሐምሌ ጋቢ ተከናንቦ የሚውለውን ደገኛና በዚያው ሰዓት ላቡን በመዳፉ የሚጠርገውን የቆቦ ሰው በአንድ ትንፋሽ ጠቅልለው ያልፋሉ። አንፈርድባቸውም። ካርታው ላይ ጎን ለጎን ነን።

ችግሩ ወዲህ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ትንበያ ሲሰማ «ለእኛ ይዘንባል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የራያ ቆላ ሰው ግን «እዚያ ይዘንባል ወይ?» ነው የሚለው፤ እዚያ ማለት በስተምዕራብ ያለው ተራራ ነው። የእኛ ውሃ ከላይ አይወርድም፤ ከጎን ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የከረመው ወንዝ፣ ተራራው ላይ በዘነበ ማግስት፣ አንዳንዴም በዚያው ቀን፣ ሞልቶ ይደርሳል። እኛም በድንጋይና በቅርንጫፍ ከትረን፣ በቦይ ጠልፈን ወደ ማሽላችን እንመራዋለን። በተራ ደመና ሳይሆን በተጠለፈ ጎርፍ ያደግን ሕዝብ ነን።

እንግዲህ «ድንገተኛ ጎርፍ ስለሚኖር ከወንዝ ዳር ራቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ እዚህ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ገምቱ። የቀበሌው ተላላኪ በድምጽ ማጉያ እየለፈፈ ያልፋል። እሱ ገና መንገዱን ሳይጨርስ ሰዉ አካፋና ዶማውን ይዞ ወደ ወንዝ ይሮጣል። ተላላኪውም ማሳ አለውና ለፍፎ ሲጨርስ ማጉያውን ለሚስቱ አስረክቦ ይከተላል። ማስጠንቀቂያውን የሚሰጡን ሰዎች ይህን ቢያዩ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ለእኛ ግን የምሥራች ነው።

እኔ የምኖረውና የማስተምረው ቆቦ ቢሆንም ከአባቴ የወረስኳት ቁራጭ መሬት ከሮቢት ወረድ ብሎ ጎሊና ወንዝ ዳር ናት። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አካፋዬን ይዤ እዚያው ነኝ። ከቦዩ አፍ ላይ ያለው ማሳ የእትዬ ዘሐራ ነው። ከእሳቸው ቀጥሎ የእኔ፣ ከእኔ ቀጥሎ የሰይድ፤ ከዚያ በታች ሌሎች አሉ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ተራው ከላይ ይጀምራል። የላይኛው ጠጥቶ ሲያበቃ የራሱን መግቢያ ዘግቶ ለታችኛው ይለቃል። «በቃህ፣ ዝጋ» የሚሉት መርጠን የሾምናቸው የውሃ አባት፣ ጋሽ ደምሌ ናቸው። እሳቸው ከፈረዱ ይግባኝ የለም።

ሕጉ ቀላል ነው አልኩ እንጂ ሰው ቀላል ነው አላልኩም። እትዬ ዘሐራና ሰይድ በዚህች ተራ ሲጣሉ ስንት ክረምት አለፈ። አምና ሰይድ እሳቸው ጠጥተው ሳይጨርሱ ከላይ ቦዩን ሸንቁሮ ተይዞ በሽማግሌ ነው የታረቁት። ከዕርቁ በኋላም ቢሆን ሰላምታቸው አጭር ነበር። «አሰላሙ ዐለይኩም» «ወዐለይኩም ሰላም» ይባባሉና ሁለቱም ወደየፊናቸው ያያሉ።

ዘንድሮ ግን የሚጣሉበት ውሃም ጠፋ። ሐምሌ አልቆ ነሐሴ ሲገባ ተራራው ላይ ደመና ብቅ ይልና ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል። ማሽላው ቅጠሉን መጠቅለል ጀመረ። እኔ ደመወዝ አለችኝ፤ እንዳቅሟም ቢሆን ታቆየኛለች። እትዬ ዘሐራ ግን ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚበሉት ከዚያች ማሳ ነው። ልጃቸው ቆቦ ባለትዳር ነውና «ነይ ከእኛ ጋር ኑሪ» እያለ ሲለምናቸው ኖሯል። ማሽላው ከቀረ ቤታቸውን ዘግተው ምራታቸው ጓዳ ከመግባት ሌላ መንገድ የላቸውም። ምራቲቱ ክፉ ሆና አይደለም፤ በሰው ቤት ምጣዱን የት እንደማስቀምጥ እየጠየቅኩ ልኖር ነው ወይ ብለው ነው። ይህን ሲሉኝ ድምፃቸው ተሰበረ።

ማስጠንቀቂያው የመጣው በዚህ መሃል ነው። የዘንድሮው ደግሞ እንደወትሮው «በአንዳንድ ስፍራዎች» አላለም። እጅግ ከባድ ዝናብ፣ ኃይለኛ ነፋስ፣ ከፍተኛ የጎርፍ አደጋ እያለ ደረደረው። ከሰዓት በኋላ ምዕራቡ ጠቆረ። መብረቁ ተራራውን ከዚህም ከዚያም ይሰነጥቀው ጀመር። እኛም እንደ ልማዳችን አካፋችንን ይዘን ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰብን።

እዚያ ያየሁትን ትሕትና በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። መቼም ትልቅ ጎርፍ አያጠጣም፤ ይበላል። አፈሩን ጠርጎ ድንጋይ ተክቶ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚያገኘው ማሳ ደግሞ ጉልበቱን ሁሉ ይቀበልለታል፤ ታች ያለው የሚደርሰው ውሃው ሲደክመው ነው። ይህን የማያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። በውሃ ተራ የተፈነካከትን ሰዎች ያን ዕለት ሠርግ ቤት በር ላይ እንደቆመ ሰው እርስ በርስ መገባበዝ ያዝን።

«እትዬ ዘሐራ፣ ቅድሚያው የአንቱ ነው» አለ ሰይድ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ።

«አምናም የእኔ ነበር» አሉ እትዬ ዘሐራ።

ማንም አልሳቀም። ደመናው ላይ ዓይናችንን ተክለን እንደ ምንም ሳቃችንን ዋጥነው። እሳቸው ወደ ማሽላቸው ዞሩ።

«ጋሽ ደምሌ፣ ባልከፍተውስ?»

«ውሃው ያልፋል፤ ወደ አፋር ይወርዳል። ከዚህ ቦይ አንድም ሰው አይጠጣም።»

«ማሽላውስ?»

«እሱማ እንደምታይው ነው፣ ልጄ። የዚህን ሳምንት ፀሐይ አይችልም።»

እትዬ ዘሐራ ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩ። «እሽ፣ እከፍታለሁ። ማሳዬን ድንጋይ ካለበሰው ግን ከዚህ ቦይ የጠጣ ሁሉ ካጨደው ያካፍለኛል። ቃላችሁን አሁን፣ ውሃው ሳይደርስ ስጡኝ።»

እስላሙ በአላህ፣ ክርስቲያኑ በመድኃኔዓለም ማለ። ሰይድ ከሁሉም ቀድሞ ማለ። በዚያ ሰዓት እንኳን ማሽላ በሬያችንን ቢጠይቁን እሽ እንል ነበር። ከመሐላው በኋላ ግን ሁላችንም የእሳቸው ማሳ ውስጥ ገብተን፣ ጥርሳችንን ነክሰን ዳሩን በድንጋይ ስናጠናክር ቆየን። ይህን ለራሳችን ክብር ስል እጽፈዋለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የእርጥብ አፈር ሽታ ቀድሞ ደረሰን። ቀጥሎ ጩኸቱ። ጋሽ ደምሌ ሁሉም ከወንዙ እንዲወጣ አዘዙ። ውሃው ቡናማ ሆኖ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ እያገላበጠ መጣና ክትሩን መታው። እትዬ ዘሐራ «ያረቢ፣ ያረቢ» ይላሉ። ውሃው ግማሹ በቦዩ ታጠፈ፤ ማሳቸው ገባ፤ ዳሩን ገፋ፤ ዳሩ ቻለው። እፎይ ልንል ስንል ወንዙ ከታች፣ ማንም ባልጠበቀው በኩል፣ መታጠፊያው ላይ ዳርቻውን ሰበረና ቦዩንም ተራውንም ሳይጠይቅ በጎን የሰይድ ማሳ ውስጥ ዘው አለ።

ሰይድ አካፋውን ይዞ ሮጠ። ጋሽ ደምሌ በዚያ ዕድሜያቸው ደርሰው ወገቡን አቅፈው ያዙት። «ተው ልጄ! ይህን በአካፋ አትመልሰውም።» እሱም ታገላቸውና በመጨረሻ አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ቆመን ከማየት በቀር የምንችለው አልነበረም።

ሲነጋ የእትዬ ዘሐራ ማሳ ልስልስ ያለ ደለል ለብሶ፣ ማሽላው ቅጠሉን ዘርግቶ አገኘነው። የእኔም እንዲሁ። የሰይድ ማሳ ግን የወንዝ ሆድ መስሏል። በግ የሚያክል ድንጋይ ተከምሮበት፣ ሰይድ አንዱ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዙሪያውን ቆምን። እያንዳንዳችን የትናንቱን መሐላ በልባችን እንደ ጠበቃ እየመረመርን ነበር። እትዬ ዘሐራ «ማሳዬን ድንጋይ ካለበሰው» ነው ያሉት። የእሳቸውን ነው። የእሱን የጠቀሰ የለም።

እትዬ ዘሐራ በድንጋዩ መሃል እግራቸውን እየመረጡ መጡ። «ሰይድ፣ ማሽላው ሲደርስ ማጭድህን ይዘህ ና። ከእኔ ማሳ ትጀምራለህ።»

ሰይድ ቀና አላለም። «እትዬ፣ ቃሉ እኮ ለአንቱ ማሳ ነበር።»

«እኔ የፈራሁትን ነው አንተ ያገኘኸው። አብሽር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ አንተስ?»

ከእኔም ይጨድ አልኩ። ምን እላለሁ? ከኋላዬ የቆሙትም አንድ በአንድ ተከተሉ፤ አንዳንዱ ቶሎ፣ አንዳንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለተማሪዎቼ የምነግረው ጥሩ ተረት ይወጣው ነበር። ግን ሰው ነን። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ትንበያ መጣ፤ መጠነኛ ዝናብ፣ መጠነኛ ጎርፍ። ወንዝ ስንወርድ ሰይድ ከሁላችንም ቀድሞ የቦዩ አፍ ላይ ቆሟል።

«ምን ልታደርግ ነው? ድንጋይ ልታጠጣ?» አሉት እትዬ ዘሐራ።

«ደለል ላለብሰው ነው፤ ለከርሞ እንዲያበቅልልኝ።»

«ተራው የእኔ ነው።»

«አንቱማ ጠግበዋል።»

ተጀመረ። አስፋልት ላይ የሚያልፍ ሰው እስኪሰማ ተጨቃጨቁ። የአምናው ሽንቁር ተነሳ፣ ከእሱ በፊት የነበረውም ተነሳ። ደስ እያለኝ አዳመጥኳቸው፤ ሰይድ ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲህ ጮክ ብሎ ሲናገር አልሰማሁትም ነበር። ጋሽ ደምሌ በመጨረሻ ተነስተው ተራው የዘሐራ ነው ብለው ፈረዱ።

እትዬ ዘሐራ ፍርዱን ሰምተው ረኩ። ከዚያ አካፋውን ከሰይድ እጅ ወስደው የራሳቸውን ማሳ መግቢያ ዘጉ። እኔም የእኔን ዘጋሁ፤ ውሃው ሁለታችንንም አልፎ ወደ ድንጋዩ ወረደ።