አርሙኝ የሚል ደራሲ

በራሱ ወጪ መጽሐፍ ያሳተመ ሰው ከቅዳሴ መልስ ይዟችሁ ያውቃል? እኔን ብዙ ጊዜ ይዞኛል፤ አሁንስ ደክሞኛል። ሁሉም እጅ ነሥተው «ስሕተት ብታገኙ አርሙኝ» ይላሉ። ሲታረም የወደደ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ባለፈው እሑድ ቁስቋም ደጅ ላይ አንዱ ስለ እርሻ የጻፈውን አዲስ መጽሐፍ ያነብልን ጀመር። «ጤፍ በጥቅምት ይዘራል» አለ። የከበብነው ሁላችንም ገበሬዎች ነን፤ ጤፍ በሐምሌ እንደሚዘራ የማያውቅ በመካከላችን አልነበረም። ቢሆንም «ሸጋ ነው፣ ሸጋ ነው» አልን። እኔማ ራሴንም ነቀነቅሁ።

ራሴ ፊደል ያስቆጠርኋት፣ እውነት ተናገሪ እያልሁም የቀጣኋት ልጄ ግን አጠገቤ ቆማ ነበር።

«አያ፣ ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ አይደለም እንዴ?» አለችው።

ደራሲው መጽሐፉን ከደነና «ይህች አሳዳጊ የበደላት የማን ልጅ ናት?» ሲል ጠየቀ።

አሳዳጊዋ እኔ ነኝ። ምን አልሁ መሰላችሁ? «ዝም በይ፣ ባለጌ» ብዬ ክንዷን ይዤ ወጣሁ።

መንገድ ላይ እንባዋን እየጠረገች «አባየ፣ ተሳስቼ ነው?» አለችኝ።

«አልተሳሳትሽም» አልኋት። ይህንንም ያልሁት ደራሲው እንዳልተከተለን ዞሬ ካየሁ በኋላ ነው።