ጓድ ዳምጤ ሎደር መረጡ

የትም አገር ሂዱ፣ በየቀበሌው አንድ ተጠራጣሪ አለ። እግዜር ነው ያስቀመጠው። (ይህ በሆነበት በ1973 ዓ.ም. እኔ «ተፈጥሮ ናት ያስቀመጠችው» ባይ ነበርኩ፤ ያኔ ቀይ ሽፋን ካላቸው ቀጫጭን ጽሑፎች በሳምንት አንድ እጨርስ ነበርና።) ይህ ሰው «ደህና አደሩ?» ስትሉት፣ ደህና ማደሩ ለማን እንደሚጠቅም ያሰላስላል።

የቆቦው ተጠራጣሪ ሊቀ ጠርጣሪያን ጓድ ዳምጤ ይባላሉ። ከአብዮቱ በፊት የበሬ ደላላ፣ ከአብዮቱ በኋላ የገበሬ ማኅበሩ ንብረት ክፍል ኃላፊ። ራዲዮ ሰዓት ሲናገር ደጅ ወጥተው ፀሐይዋን ያያሉ። ጎብዬ ገበያ ዶሮ ሲገዙ መሬት ለቀው አካሄዷን ያጠናሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፋንታዬ ወጡን ቀምሰው «ጨው በቅቶታል» ሲሉ፣ «ለማን?» ይላሉ። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ለማስተማር የመጣሁ ዕለት የምደባ ደብዳቤዬን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ማኅተሙን በምራቅ ፈትሸውታል። ለሁሉም ነገር መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይሁን፤ ግን ልየው።»

እኔ ይህን ጠባይ «የንዑስ ከበርቴ ጥርጣሬ» ብዬ ሰይሜው ነበር። ስም ካወጣሁለት የገባኝ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ሚያዝያ ላይ ማኅበሩ ከዋጃ በኩል ያለውን የግራር ሜዳ መንጥሮ የጋራ እርሻ እንዲያደርግ ታዘዘ። የአውራጃው ካድሬ ጓድ ሙላው ስብሰባ ጠርቶ ቁርጡን ነገረን። ዛፍ የሚጥል፣ ጉቶ የሚነቅል ትንሽ ሎደር ከኮምቦልቻ መርጠን እስከ ሰኞ ካስገባን መልካም። ካላስገባን አርባ አባወራ እርሻውን ትቶ በመጥረቢያና በዶማ ምንጠራ ይወጣል። ዝናቡ ደግሞ ወርዷል። ራያ ላይ ዝናብ ሁለቴ አይለመንም፤ በዚያ ሳምንት ማሽላውን ያልዘራ፣ ኅዳር ላይ የሚያጭደው አገዳም የለው።

መራጮች ሆነን የተላክነው ጓድ ዳምጤና እኔ ነን። እሳቸው ተታለው ስለማያውቁ፣ እኔ የማኅበሩም ጸሐፊ ስለሆንኩ።

ኮምቦልቻ፣ ከአንድ የመንግሥት መጋዘን ግቢ፣ ሁለት ሎደሮች ቆመው ጠበቁን። አንዱ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ጎማ። ሌላው ግራጫ፣ የተላላጠ፣ እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄድ። የመጋዘኑ ሹም ተሾመ ቢጫውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

«ይኼ ገና ከሣጥኑ የወጣ ነው፣ አባቴ።»

«ይሁን፤ ግን ልየው።»

ሦስት ጊዜ ዞሩት። ጎንበስ ብለው በአውራ ጣት ጥፍራቸው ጫሩት፤ ከቢጫው ሥር ዝገት ብቅ አለ። «ገበያ ሲወጣ ቅቤ የሚቀባ በሬ አውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ከሜዳችን የተቆረጠ፣ ጣት የሚያህል የግራር እሾህ ነው።

«ጎማው ይርገጠው።»

«እንዴ! ይኼ እኮ የመንግሥት ጎማ ነው!»

«እሾሁም የመንግሥት ነው። መሬት ከተወረሰ ወዲህ የግል እሾህ የለም።»

ጎማው ረገጠው። ነቅለው ሲያወጡት እንደ እባብ አፏጨ።

አሁንም አልበቃቸውም። የሁለቱም ሎደሮች የፊት አካፋ ሽቅብ ተነሥቶ ሞተራቸው እንዲጠፋ አዘዙና «ሂዱ፣ ምሳችሁን ብሉ» አሉን። እሳቸው ዱላቸውን ተደግፈው ቀሩ። ስንመለስ የቢጫው አካፋ አንድ ክንድ ወርዷል። የግራጫው ግን በቀበሌ ስብሰባ ላይ እንደ ተነሣ እጅ ንቅንቅ አላለም። «ትንሽ ዘይት ቢያፈስ ነው…» ሲል ተሾመ፣ «ዛፍ ተሸክሞ ሰው አናት ላይ ሲሆንስ?» አሉት። እኔ ቢጫው እንዲወሰድ ሦስት ነጥብ ያለው ንግግር አድርጌ ነበር። ከሦስቱ አንዱም ስለ ሎደር አልነበረም።

ግራጫው ሎቤድ በሚሉት ዝቅ ያለ ረጅም ተሳቢ መኪና ላይ ወጣ። የሎቤዱ ሾፌር እንድሪስ የደሴ ሰው ነው፤ ሣቅ የማይጠፋበት። ጓድ ዳምጤ ግን ጋቢና አልገባም አሉ።

«መንገድ ላይ ቢለውጡትስ?»

«ወላሂ አያ ዳምጤ፣ ሎደር ማን ይለውጣል? የጆሮ ጉትቻ መሰለዎት?»

ሎደሩ ወንበር ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ደሴንም ወልድያንም እንደ ንጉሥ ከፍ ብለው አለፉ፤ ወልድያ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ባለሥልጣን መስለውት ሰላምታ ሰጣቸው። በየጥቂቱ በዱላቸው የጋቢናውን ጣሪያ ይቆረቁራሉ፤ እንድሪስ ይቆማል፤ ሎደሩ የታሰረበትን ሰንሰለት ያያሉ። አስራ አንድ ጊዜ ቆጥሬያለሁ።

እሑድ ሮቢት አጠገብ ካለች አንዲት ድልድይ ደረስን። ጓድ ዳምጤ ወርደው ከሥሯ ገቡ። ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ሎቤዱንና ሎደሩን አንድ ላይ አትችልም። ለየብቻ ይሻገሩ።»

«አያ ዳምጤ! ባለፈው ታንክ ተሻግሮባታል እኮ!» አለ እንድሪስ።

«አዎ። የደከመችውም ለዚያ ነው።»

እንድሪስ ሎደሩን ከመንገዱ ዳር ባለ ጉብታ አወረደና ለብቻው አሻገረው። ከወዲያ ማዶ ግን መልሶ ሎቤዱ ላይ የሚወጣበት ከፍታ የለም። «በራሱ ይሂድ» ብንል «የእግሩ ሰንሰለት መንገድ ላይ ያልቃል»፣ «አፈሩን እንኳ ይግፋልን» ብንል «አካፋው ለግራሩ ነው የተመረጠው» አሉ። አፈር ቆፍረን፣ ቆልለን፣ ረግጠን መውጫ ስንሠራ ሰኞ መሸብን። አካፋ በጨበጥኩ ቁጥር በልቤ የማረቅቀው ሪፖርት ነበረኝ፤ አርእስቱ «ስለ ጓድ ዳምጤ እንቅፋትነት» ይላል። ድልድይቱ ዛሬም አለች። ከዚያ ወዲህ የማይሻገርባት የለም፤ አንድ ድንጋይ አልወደቀባትም።

ማክሰኞ ጠዋት ቆቦ ገባን። ጓድ ሙላው የአርባውን አባወራ ስም ዝርዝር ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ጠበቀን።

«ሰኞ ተብሎ ማክሰኞ! ይህ አሻጥር ነው። አባወራው ከነገ ጀምሮ ምንጠራ ይወጣል። ንብረት ክፍሉም ለሚመለከተው አካል መልስ ይሰጣል።»

አሻጥር የሚል ቃል የተለጠፈበት ሰው፣ ያኔ ምሳው የሚሄድለት እስር ቤት ነበር። ገበሬዎቹ ደጅ ቆመው ሁሉን ይሰማሉ። ጓድ ዳምጤ በሬ እንደሚገዛ ሰው የካድሬውን ጥርስ ያያሉ።

ሪፖርቴ በልቤ ተዘጋጅቷል። ልናገር ተነሣሁ። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ጓድ ሰብሳቢ፣ ድልድዩ ጋ ሎደሩን ያስወረድኩት እኔ ነኝ። መመሪያው ‹የሕዝብ ንብረት በችኮላ ከሚገባ በንቃት ዘግይቶ ይግባ› ስለሚል ነው። በዚህ መመሪያ መሠረት የአንድ ቀን መዘግየት እንደ መዘግየት አይቆጠርም።»

እንዲህ የሚል መመሪያ የለም። ከወንበሬ እስክነሣ ድረስ የፈጠርኩት ነው። የጓድ ሙላው ብዕር ቆመ። እኔን የመሰለ አንባቢ ፊት «አላነበብኩትም» አይል ነገር ካድሬ ነው።

«እርግጥ… ይላል» አለ። ዝርዝሩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሎደሩ የዚያኑ ዕለት ግራሩን መጣል ጀመረ፤ አርባው አባወራም ወደ ማሽላው ተመለሰ።

በማግስቱ የዕረፍት ሰዓት ላይ ጓድ ዳምጤ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጫለሁ። ምርቃት ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዱላቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ዞሩኝ።

«ለምን ዋሸህልኝ?»

«ለገበሬው ብዬ… ደግሞ ለእርስዎ ብዬ።»

«ምን ፈልገህ?»

«ምንም።»

አላመኑኝም።

«ያ ለካድሬው ያነበነብክለት ነገር፣ ገጹ ስንት ነው?»

በአውራጃው ሙሉ፣ በዚያ ሁሉ ስብሰባ፣ በዚያ ሁሉ ጥቅስ መሐል፣ ገጽ የጠየቀኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔም ስንቱን ስሸመድድ ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

«የለም፣ አያ ዳምጤ። ገጽ የለውም።»

«እኮ!» አሉና «ልየው» ሳይሉ አጠገቤ ተቀመጡ።