የታጠበ ቆሻሻ

አድማሴ፦ ይኼ ዕቃ እኮ ሞቷል ነው የምልዎ፣ እማማ።

አገኘሁሽ፦ ምን አግኝቶት?

አድማሴ፦ ምንም አላገኘውም። ሥራውን ጨርሶ ነው።

አገኘሁሽ፦ [ዕቃውን ከፍ አድርገው ሥሩን እያዩ] ደህና ይመስላል እኮ።

ክርክሩ የተነሣው በአንድ ባለ ክዳን የላስቲክ ዕቃ ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው፤ ላስቲክ ለፎገራ ሰው ገና እንግዳ ነበር። አድማሴ ግን ከእንግዳው ጋር ቀድሞ የተዋወቀ ሰው ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ያምናል። አንድ ፈረንጅ ኢንጂነር መንገድ ሊለካ መጥቶ ከወረታ ወጣ ብሎ፣ በጎንደር መንገድ ዳር ድንኳኑን ሲተክል አድማሴን ዘበኛ አድርጎ ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ አድማሴ የማያውቀው ነገር ጠፋ። የፈረንጅን አበላል ያስረዳል፤ የፈረንጅን አተኛኘት ያስረዳል፤ ፈረንጅ ዝም ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ ሳይቀር ያስረዳል። ከቋንቋው አንዲት ቃል አያውቅም። ይህ ከማስረዳት አግዶት አያውቅም።

ያን ቀን ሚስቱ ጽጌሬዳ ይፋግ ገበያ ሄዳለች። ቤት የቀሩት እሱና አማቱ ወይዘሮ አገኘሁሽ ናቸው። ወይዘሮ አገኘሁሽ ነገር ቶሎ አይገባቸውም ይባላል። ይህን የሚለው አድማሴ ነው፤ አማቱ ስለሆኑ ደግሞ የሚለው በልቡ ነው። ውሃ ሊጠጣ ጓዳ ብቅ ሲል፣ የካምፑ የላስቲክ ዕቃ መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ አገኘው። አንዱ ቅቤ ይዟል፤ አንዱ ሽሮ፤ አንዱ ተልባ። አድማሴ እፍረቱ ከእግሩ ተነሥቶ ጆሮው ድረስ ሲወጣ ተሰማው። የወረታ ሰው “ዘበኛው በፈረንጅ ጥራጊ ይበላል” ሲል ከወዲሁ ሰማው። በአማት ላይ ቁጣ አይቻልምና ማስረዳት ጀመረ።

አድማሴ፦ ፈረንጅ እንዲህ ያለውን ዕቃ አንዴ ይገለገልበትና ይጥለዋል። አንዴ ብቻ። ደንብ ነው።

አገኘሁሽ፦ እኔም እኮ አንዴ ነው።

አድማሴ፦ ከፋሲካ ጀምሮ ቅቤ አለበት አላሉኝም?

አገኘሁሽ፦ አለበት። ሊያልቅ ሲል እጨምርበታለሁ። አንዴው ገና አላለቀም።

አድማሴ፦ እንዲህ ከሆነማ መቼም አያልቅ።

አገኘሁሽ፦ ታዲያ ደንቡን የቱ ላይ አፈረስኩት?

አድማሴ በሌላ በኩል ዞረና ላስቲክ የሚታመን ነገር አለመሆኑን፣ በውስጡ የዋለ እህል ጠባዩን እንደሚለውጥ አስረዳቸው። ወይዘሮ አገኘሁሽ በጥሞና ሰሙት። ከዚያም ቅላቸውን አይጥ እንደቦረቦረባቸው፣ ገንቦው አፉ እንደተሸረፈ፣ ቅቤው እዚህ ከገባ ወዲህ ግን አይጥ መጥታ፣ አሽትታ፣ ተመልሳ እንደምትሄድ ነገሩት። አድማሴ የወረታ አይጥ ባዕድ ዕቃ ገና ስላልለመደች ነው አለ። እሳቸውም፣ እስክትለምድ እንገለገልበት አሉ።

አድማሴ፦ ለመሆኑ ከየት አመጧቸው?

አገኘሁሽ፦ ከካምፑ የቆሻሻ ጉድጓድ ነዋ። ውሃ ልቀዳ ሳልፍ ከላይ ከላይ ተቀምጠው አገኛቸዋለሁ።

አድማሴ፦ እዚያ የምጥላቸው እኮ እኔ ነኝ።

አገኘሁሽ፦ አንተ ነህ? [እጅ ነሥተው] እግዜር ይስጥልኝ። ስትጥል ተጠንቅቀህ ነው፤ አንዱም አልተሰነጠቀ።

አድማሴ፦ ለእርስዎ ብዬ አይደለም! ደብረወርቅ፣ ወጥ ቤቱ፣ አጥቦ አጥሩ ላይ ይደፋቸዋል። እኔ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ ሰብስቤ ጉድጓድ እጨምራለሁ።

አገኘሁሽ፦ የሚጣል ከሆነ ለምን ያጥበዋል?

አድማሴ፦ እማማ፣ ፈረንጅ ንጹሕ ሕዝብ ነው። ቆሻሻውን እንኳ አጥቦ ነው የሚጥል።

አገኘሁሽ፦ [ትንሽ አስበው] ከታጠበ ምኑ ነው ቆሻሻው?

አድማሴ፦ መጣሉ ነዋ።

አገኘሁሽ፦ የጣልከው አንተ አይደለህ?

አድማሴ፦ እንዲያው ነገር አይገባዎትም ስል… [ምላሱን ነክሶ] ይቅር ይበሉኝ።

ወይዘሮ አገኘሁሽ አልተቀየሙም። ፊቱ መጥቆሩን አይተው፣ ሌላ የከበደው ነገር እንዳለ ጠየቁት። ነበረው። አንድ በሬው ከሞተበትና መሬቱን በእኩል ካሳረሰ ወዲህ ቤቱ የቆመው በዚሁ ዘበኝነት ነው፤ እሱም ሊያመልጠው ነው። ካምፑ ውስጥ ሌባ ገብቷል። ኢንጂነሩ ይጮኻል፤ ደብረወርቅም፣ ዕቃ እየጠፋ ነው፣ ሌባው ካልተያዘ ሌላ ዘበኛ ይቀጠራል ብሎታል። አድማሴ ዱላውን አቅፎ እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ። በመንገድ የሚያልፈውን ነጋዴ ሁሉ ጠረጠረ፤ የነጋዴውን አጋሰስ ሳይቀር። ሌባው ግን ጥላውን እንኳ አላሳየውም።

አገኘሁሽ፦ የጠፋው ምን ዓይነት ዕቃ ነው?

አድማሴ፦ አልጠየቅኩም። ምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቅ ዘበኛ አልጠበቀም ማለት ነው።

አገኘሁሽ፦ ፈረንጁስ ምን ይላል?

አድማሴ፦ ሲናደድ በእጁ አራት ማዕዘን ይሠራል። ከዚያ መዳፉን ከላይ ይከድናል።

አገኘሁሽ፦ [መዳፋቸውን በቅቤው ዕቃ ክዳን ላይ አሳርፈው] እንዲህ?

አድማሴ፦ ልክ እንደሱ። የመሬት መለኪያ ሣጥን ነው መሰለኝ። ከባድ ነገር ነው።

ወይዘሮ አገኘሁሽ ዕቃውን አዩ። አማቻቸውን አዩ። ደግመው ዕቃውን አዩ። ከዚያ ቅቤውን ወደ ተሸረፈው ገንቦ ይገለብጡ ጀመር። አድማሴ ይህን አይቶ ደስ አለው። ሰው በትዕግሥት ካስረዱት መቼም ሳይገባው አይቀርም ሲል አሰበ። እሳቸው ጓዳ ውስጥ ውሃ ሲያንቦጫርቁ ሰማ፤ ምን እንደሚያጥቡ አልጠየቀም።

ብዙም ሳይቆይ ደጅ ላይ ድምፅ ተሰማ። ደብረወርቅ ነው። ገብቶ እንዲቀመጥ ቢለምኑት ከበሩ አጠገብ መደብ ላይ በግማሽ ጎኑ ተቀመጠ፤ ክፉ ወሬ የያዘ ሰው አቀማመጥ ነው። ኢንጂነሩ ልኮት ነው። ነገ ሌላ ዘበኛ ይመጣል።

አድማሴ፦ ለመሆኑ ይኼ ሁሉ የጠፋው ምንድን ነው?

ደብረወርቅ፦ ላስቲኮቹ ናቸዋ።

አድማሴ፦ የምን ላስቲኮች?

ደብረወርቅ፦ የምግብ ማስቀመጫዎቹ። አጥቤ እንዲደርቁ አጥሩ ላይ እደፋቸዋለሁ፤ ዞር ብዬ ስመለስ የሉም። ትናንት የተረፈውን ሥጋ ማኖሪያ አጥቼ ጉንዳን ወረሰው።

አድማሴ፦ አንዴ… አንዴ ተገልግለውበት የሚጣል አይደለም እንዴ?

ደብረወርቅ፦ ባገሩ ይጥለው ይሆናል። እዚህ የት ያገኛል? እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የሚሳሳለት።

አድማሴ ጣልኩት ቢል ሞኝ ነው፤ አላየሁም ቢል መደርደሪያው እዚያው ነው። ከደብረወርቅ አጠገብ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። ወይዘሮ አገኘሁሽ በዚህ መካከል ከጓዳ ብቅ አሉ። ዕቃዎቹ ታጥበው፣ ክዳን ክዳናቸውን ይዘው፣ ሰፌድ ላይ ተደርድረዋል።

አገኘሁሽ፦ እነዚህን ነው የምትሉት?

ደብረወርቅ፦ [ብድግ ብሎ] እነዚህን ነው! እዚህ ምን ያደርጋሉ?

አገኘሁሽ፦ አድማሴ ሌባውን ዛሬ ደረሰበት። ዕቃው እንዳይሰበር እኔ ዘንድ ነበር።

ደብረወርቅ፦ ማነው ሌባው?

[አድማሴ የመሬቱን ልስን ይመረምራል።]

አገኘሁሽ፦ ዕቃችሁን ውሰዱ፤ ሌባውን ለኛ ተዉት። የቤት ሰው ነው፤ እንመክረዋለን።

ደብረወርቅ ወደ አድማሴ ተመለከተ። አስተዋይ ሰው ነበርና ሌላ አልጠየቀም። ዕቃውን በነጠላው ቋጥሮ ሄደ። ኢንጂነሩ አንዱን ከፍቶ ቢያሸተው ቅቤ ቅቤ አለው፤ ሌባው ላም ያለው ሰው ነው ብሎ ደመደመ። ሌላ ዘበኛ መምጣቱም ቀረ።

ጽጌሬዳ ከይፋግ ስትመለስ ባሏ የተሸረፈውን ገንቦ አይጥ ከማይደርስበት ምሰሶ ላይ ሲያንጠልጥል አገኘችው። ማን እንዳዘዘው ብትጠይቅ ማንም አላዘዘኝም አለ። ወይዘሮ አገኘሁሽ ከልጃቸው የደበቁት ነገር የለም ይባላል፤ ይህን ግን አልነገሯትም።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ኢንጂነሩ ከድንኳኑ ወጥቶ የአድማሴን ትከሻ መታ መታ አደረገና አንድ ነገር ተናገረ። አድማሴ ያለውን ለማስረዳት አልሞከረም፤ ደብረወርቅ እስኪያስተረጉም ጠበቀ።

ደብረወርቅ፦ ከዚያ ወዲህ አንድም ዕቃ አልጠፋም፤ ሌባው ፈርቶ ነው ወይ? ይልሃል።

አድማሴ፦ [ዱላውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛውሮ] አልፈራም በለው። አፍሮ ነው።